የእህቴ እግር ፎቶ

በረኪናው የሸተተኝ ገና ከአዳራሹ በር ላይ ነው። ወለሉን ያጠቡበት ነው፤ ለሌላ ሰው ምኑም አይደለም። እኔ ግን በረኪና በሸተተኝ ቁጥር እህቴ ዘነበች ፊቴ ትመጣለች፤ ጓሮ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ። ለአንድ ሳፋ ውሃ አንድ ክዳን በረኪና፣ ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ የጣቶቿን መሃል በጨርቅ ማድረቅ፣ በመጨረሻ ቫዝሊን። ይህን ለብዙ ዓመት በየቀኑ ስታደርግ አይቻለሁ፤ አንድም ቀን አልዘለለችም። ያን ዕለት ሶዶ ካለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ስገባ እሷን ቤት ትቻት ነው የወጣሁት፤ ሽታው ግን ቀድማኝ የገባች አስመሰለብኝ።

የወሰደችኝ የልጄ ልጅ ምሕረት ናት። ጤና ተምራ ከተመረቀች በኋላ እግር የሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ ሥራ አገኘች። ስልክ ይዛ በባጃጅም በእግሯም ሁምቦ ትወርዳለች፣ ቦምቤ ትወጣለች፣ የሰው እግር ፎቶ ታነሳለች። ስልኩ ውስጥ ያለው ማሽን ፎቶውን አይቶ፣ ይህ እብጠት ዝሆኔ ነው፣ ይህ የልብ ነው፣ ይህ የኩላሊት ነው ብሎ ይለያል አሉ። ሐኪሞቹ ዝሆኔን ፖዶ ነው የሚሉት። ጥናቱ ሲያልቅ ስብሰባ አደረጉ፤ ሠራተኛው ሁሉ አንድ የቤተሰብ ሰው ይዞ እንዲመጣ ተባለ፤ ምሳም አለ። እኔም ለበዓል የማወጣውን ቀሚስ ለብሼ፣ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ የሆነውን የዱንጉዛ ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ከእኛ ሁለት ረድፍ ፊት፣ ከተጋበዙት መምህራን ጋር፣ መምህር ዳንኤል ተቀምጧል። ቦዲቲ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ የሚያስተምር፣ ሁልጊዜ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ምሕረትን ሊያገባ የሚፈልገው ልጅ ናትናኤል ይባላል፤ መምህሩ የእሱ አጎት ነው፤ ሽማግሌዎቹም ከግፋታ፣ ከዘመን መለወጫችን በዓል፣ በኋላ ሊመጡ ቀን ተቆርጧል። ምሕረት ዝቅ ብላ ሰላም አለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀልን።

መብራቱ ጠፋና ግድግዳው ላይ ፎቶ መጣ። በር የሚያህል ጥንድ እግር፣ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ የቆመ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሦስት የብረት ጠባሳ ተሰልፏል፤ የግራዋ ትንሿ ጣት በጎረቤቷ ላይ ተኝታለች። ጠባሳውን ያደረገው የቦሎሶ ባህል ሐኪም ነው፤ ሲተኩሳት እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጣቷ እንደዚያ የሆነው ደግሞ በልጅነታችን የእህል ወፍጮ ድንጋይ ወድቆባት ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣው ወጣት ዶክተር በትንሽ ቀይ መብራት እየጠቆመ፣ ማሽኑ ቆዳው ላይ ያለውን ቋጠሮ፣ እጥፋቱን፣ የጣቶቹን መጠጋጋት እንዴት እንደሚያነብ፣ ከሐኪም ዓይን እንዴት እንደሚፈጥን አስረዳ። ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ የእህቴን እግር አያለሁ።

አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት። እሱንም የተማርኩት በጫማ ነው። ዘመኑ የንጉሡ መጨረሻ ይሁን ከዚያ በኋላ፣ አሁን ዓመቱን እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም፤ ጫማውን ግን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ኮንጎ ጫማ፣ ቡናማ፣ ጎኑ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ ፀሐይ ሲመታው እግር የሚቀቅል፣ ዝናብ ሲገባው እንደ እንቁራሪት የሚጮህ። ዋጋው ሦስት ብር ነበር። በዚያ ጊዜ በሦስት ብር ሁለት ሻሽ፣ አንድ መስታወትና ለሰፈር ልጅ ሁሉ የሚበቃ ከረሜላ ይገዛል። አባታችን እኔን ወደ ከተማ ትምህርት ቤት ሊልክ ስለወሰነ ለእኔ ገዛ፤ ዘነበች ትልቅ ናት፣ ቤት ትሠራለች፣ ገበያ ትሄዳለች፣ ምን ያደርግላታል ተባለ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እስከ ሶዶ አብረን እንወርዳለን፤ እኔ ደብተር ይዤ በጫማ፣ እሷ ቅቤና ጎዳሬ ተሸክማ በባዶ እግሯ። መንገዱ ያ ቀዩ አፈር ነው። ክረምት ላይ እንደ ቅቤ ያንሸራትታል፣ በጋ ላይ እንደ ዱቄት ጣት መሃል ይገባል።

አሁን የምጽፈው ግን ያናድደኛል። እኔም ጫማውን መንገድ ላይ አላደርገውም ነበር። ማንም አያደርግም። ጫማ ውድ ነው፣ ጭቃ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ አውልቀን በማሰሪያ አንገታችን ላይ እናንጠለጥለዋለን፣ ወይም ጭንቅላታችን ላይ በነጠላ እንቋጥረዋለን። ወንዙ ጋ ስንደርስ እግራችንን ታጥበን፣ በሣር ጠርገን፣ ንጹሑ ድንጋይ ላይ ቆመን እናደርገዋለን። ሰንበት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጫማ የሚያጠልቅ ሰው ረድፍ ይታያል፤ አባቶች ሳይቀሩ። ጫማውን ከአፈሩ ስናድን ኖርን፤ እግራችንን ማዳን እንዳለብን የነገረን የለም። ልዩነቱ እኔ ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን በጫማ እውላለሁ፣ እሷ ቀኑን ሙሉ አፈር ላይ ናት። በዚያ ላይ አፈሩ ከሁሉም ሰው ጋር አይጣላም፤ እሷን መረጠ።

የዚያን ዘመን ሶዶ ብታዩአት። ገበያው መግቢያ ላይ በረንዳ የያዘ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እግሩ ፔዳሉን ሲመታ፣ አጠገቡ ካለው ሻይ ቤት ሬዲዮ ስለ ፍቅር የሚያለቅስ ዘፈን ሲያወጣ፣ ሁለቱ ድምፆች ይገጥማሉ። ዘነበች ቅቤዋን ሸጣ እዚያ ቆማ ትሰማለች። ድምፅ ነበራት። የሰማችውን ይዛ ትመለሳለች፤ ዳገቱ ላይ ግጥሙን ወደ ወላይትኛ ገልብጣ፣ ውሽማውን በሬ፣ ከንፈሩን የበርበሬ ዳጣ እያደረገች ታስቀኛለች። አንድ ቀን ቁርጭምጭሚቷ ይበላኛል አለች። ከዚያ ያቃጥለኛል። ከዚያ አበጠ። ግፋታ ሲመጣ እኩዮቿ ለጨዋታ ሲወጡ እሷ ምድጃ ጥግ ቀረች፤ ቤት ውስጥም ሳህኗ ተለየ፤ ማን እንደለየው አላውቅም፣ አንድ ቀን ተለይቶ አገኘሁት።

እኔን ሽማግሌ ሊጠይቀኝ ሲመጣ የሆነውን ለልጆቼ ለብዙ ዓመት አልነገርኩም። በእኛ አካባቢ ያኔ እንዲህ ነበር፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የወንዱ ወገን አንዲት ሴት ይልካሉ። መንገደኛ መስላ ውሃ ትለምናለች፤ ውሃው እስኪመጣ የቤቱን ሴቶች እግር ታያለች። እግር ያበጠበት ቤት ዘሩ ተበላሽቷል ይባላል፤ ልጅ አይወሰድበትም። ሴትዮዋ እንደምትመጣ እናታችን ከሰው ሰማች። ዘነበችን ከብት ከሚታሰርበት ክፍል በስተጀርባ፣ እንሰት ቅጠል ከተከመረበት ቦታ አስገቧት። እኔ ነበርኩ። ቅጠሉን ላይዋ ያለበስኳት እኔ ነኝ፤ እሷም ሣቀችብኝ፣ «በደንብ ሸፍኚ፣ ቀኝ ጣቴ ይታያል» አለችኝ። ሴትዮዋ ውሃዋን ጠጥታ ሄደች። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሦስት ጫማ ጨረስኩ። ዘነበችን የጠየቃት ሰው የለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ዘሩ ሳይሆን አፈሩ ነው የሚሉ ሰዎች የመጡት። በረኪናውን፣ ሳሙናውን፣ ቫዝሊኑን ያስተማሯት እነሱ ናቸው፤ አፋቸው ይባረክ። እብጠቱ ቀለለ፣ ሽታው ጠፋ፣ በልኳ ሰፊ ጫማ ተሰፋላት። ባሌ ሲሞት ልጄን እንድታሳድግልኝ ወደ እኔ ሶዶ አመጣኋት። መንደር ውስጥ እግሩ ሊያብጥ የጀመረ ሰው ስታይ ጠርታ ትቆጣለች፤ «አፈሩ ነው፣ አታፍር፣ ታጠብ» ትላለች። እርግማን አይደለም፣ ዘር አይደለም፣ አፈር ነው የሚለው ቃል ለእሷ ከእስር መፈታት ነበር።

ከዚያ ከጥናቱ የተላኩ ልጆች መጡ። የምሕረት ሥራ ገና አልተጀመረም ነበር፤ ሁለት ሆነው፣ ስልክና ሰማያዊ ጨርቅ ይዘው። ጨርቁ ላይ ቁሚ አሏት፣ ቆመች። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ አነሷት። ትንሽ ብልቃጥ ሰጥተው ምራቅ ትፊ አሏት፣ ተፋች። ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አስነኳት። ውጤቱን ይዘን እንመለሳለን አሉ፤ ሁለት ሳሙና ሰጧትና ሄዱ። አራት ዓመት ጠበቀች። በር በተንኳኳ ቁጥር «ምራቄ መጣ?» ትላለች፤ መጀመሪያ የምር ነበር፣ በኋላ ቀልድ ሆነ።

አዳራሹ ውስጥ ከዶክተሩ በኋላ አንዲት ሴት ዶክተር ተነሣች። የምራቁን ነገር ያጠናችው እሷ ናት። በሰው ገላ ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ጽሑፍ አለ፣ ዘረ-መል ይባላል፣ አንዳንድ ሰው ውስጥ ያለው ጽሑፍ አፈሩን አይችልም፣ ለዚህ ነው በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ የሚበዛው አለች። ከኋላዋ አሁንም የዘነበች እግር አለ። መምህር ዳንኤል ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እጄን አላወጣሁም፤ ብድግ አልኩ። ምሕረት ነጠላዬን ሳበች።

«እማማ፣ ጥያቄ አለዎት?» አለኝ ወጣቱ ዶክተር፤ ማይክራፎንም ላከልኝ።

«ጥያቄ አይደለም። ይህ እግር የእህቴ ነው።»

ዶክተሩ ደነገጠ፤ ከዚያ በትሕትና፣ ፎቶዎቹ ስም እንደሌላቸው፣ የማን እንደሆኑ እነሱም እንደማያውቁ፣ ይህም ለሰዎቹ ክብር ተብሎ የተደረገ መሆኑን ነገረኝ።

«እናንተ ባታውቁት እኔ አጥቤዋለሁ። ዘነበች ትባላለች። ማሽናችሁ ከእሷ ተምሯል፤ ተማሪው እዚህ ሲጨበጨብለት አስተማሪዋ ቤቷ ተቀምጣ ምራቄ ምን አለ እያለች ነው። ምን አለ?»

ሴቲቱ ዶክተር መለሰች። የአንድ ሰው ውጤት ለብቻው አይሰጥም፣ ጥናቱ የብዙ ሰው ነው አለች። ታዲያ እንመለሳለን ያሉት ለምን ዋሹ አልኳት። ይህን ማለት አልነበረባቸውም አለች፤ ፊቷ ቀላ። ቀጥዬ ጠየቅኳት፤ ይህ ጽሑፍ ያለበት ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ፣ እግሩን ቢታጠብስ? «አይታመምም» አለች። «እንግዲያው እሱን ቀድመሽ ተናገሪ፤ መጨረሻ ላይ አታስቀምጪው» አልኳት። ማይክራፎኑን ይዛ በትክክል፣ ረጋ ብላ ተናገረች፤ ዘረ-መሉ ብቻውን ማንንም እንደማያሳምም፣ በሽታው አፈር እንደሚፈልግ፣ ጫማና ውሃ እንደሚበቃ። ደግ ሴት ናት፤ ይህን አልክድም። መምህር ዳንኤል ግን ያኔ ወንበሩ ላይ የለም። የእህቴን ስም ስጠራ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጥቷል። ግማሹን ሰምቶ ሄደ፤ ያውም የባዮሎጂ መምህር።

ከምሕረት ጋር በባጃጅ ተመለስን። ቤት ልንደርስ ስንል፣ «እማማ፣ የእሷ ነው ካልሽ አይቀር፣ ለምን እሱ ባለበት?» አለችኝ። ያላሰብኩበት እውነት ነው። ስለ ፍትሕ ስቆም የቆምኩት የማን እግር ላይ እንደሆነ አላየሁም። ሰባት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ሻዬን ታቀርባለች፣ ትሄዳለች።

ግፋታ አለፈ፣ ሽማግሌ አልመጣም። ከዚያ ከናትናኤል ወገን መልእክት መጣ፤ በሚቀጥለው ሰንበት ከቸርች በኋላ እንመጣለን፣ ግን ልጅቷ አስቀድማ አዲስ አበባ ሄዳ ደሟን ብታስመረምር ለሁሉም ይበጃል። የምሕረት እናት፣ ልጄ ታደለች፣ ያን ማታ አልበላችም። በማግሥቱ ወደ እኔ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና ወለሉን እያየች፣ አክስቷን ዘነበችን ለሁለት ቀን ሁምቦ የአጎቷ ልጅ ዘንድ ብንልካት ምን ይመስለኛል አለችኝ። «ስለምጠላት አይደለም፣ እማዬ። አሳድጋኛለች። እነሱ እስኪሄዱ ነው።» ያኔ ነው የእንሰት ቅጠሉን ነገር የነገርኳት። «አንቺ የተወለድሽው እሷ ቅጠል ለብሳ ስለተኛች ነው። አሁን ደግሞ ለልጅሽ ሁምቦ ትሂድ?» አልኳት። አለቀሰች። እኔም ደግ አልሆንኩላትም።

ይበልጥ ያናደደችኝ ግን ዘነበች ራሷ ናት። ከጓዳ ወጣች፤ ፌስታል ይዛለች፣ ውስጡ ቅያሪ ቀሚስና የቫዝሊን ዕቃ። ሁሉን ሰምታለች። «ለልጅቷ ነው፣ ልሂድ» አለች፤ «ሁምቦ ሙቀቱ ለእግሬ ጥሩ ነው።» ሳትጠየቅ መደበቅ ለምዳለች። ይህን ነው ያስለመድናት። ልጮህባት አፌን ስከፍት ምሕረት ገባች። እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ፌስታሉን አየች። ፌስታሉን ከዘነበች እጅ ወስዳ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ወንበር ካልተወጣ የማይደረስበት ቦታ አስቀመጠችው።

ሰንበት ላይ አራት ሆነው መጡ። መሪያቸው አቶ ዳና ናቸው፤ ሽበታቸው ሙሉ የሆነ፣ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ያረጁ። መምህር ዳንኤል መጨረሻ ገባ። ዘነበች ከበሩ ትይዩ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሰፊ ጫማዋን አድርጋ፣ እግሯን ወንበር ሥር ሳትደብቅ። አቶ ዳና ጸለዩ። ከእንሰት የሚሠራው ሙቹዋ ቀረበ፣ በቅቤ የተለወሰ፣ ከዳጣ ጋር። ሁሉም በላ፤ መምህሩ ሆዴን ያመኛል አለ።

ስለ ልጁ ተናገሩ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ እምነቱ። ከዚያ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ድሮ አባቶቻችን ዘር ያሉት ዝም ብሎ አልነበረም፣ አሁን ሳይንስም አረጋግጦታል፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ ምርመራው ለልጆቹም ይጠቅማል አለ። ከመጽሐፍ እንደሚያነብ ሁሉ ያምራል ንግግሩ። ሃምሳ ዓመት የተሻገረ ነገር ኮትና ሸሚዝ ለብሶ ቤቴ ገብቶ ተቀመጠ። ምን እንደምል እያሰብኩ ሳለ ዘነበች ቀደመችኝ።

«የኔ ልጅ» አለችው፤ «ድሮ ውሃ ጠይቀው ነበር የሚያዩት። አንተ እንኳ ፊት ለፊት ነህ። ና ቅረብና እይ።» እና ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። ንጹሕ እግር ነው፤ በቫዝሊን ያበራል። መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። አቶ ዳና አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ።

ልጅ በሽማግሌ ፊት አይናገርም በእኛ ቤት። ምሕረት የለስላሳውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቆመች። «መምህር፣ እኔ ምርመራውን አልሄድም» አለች። «ምናልባት አለብኝ፤ ምናልባት የለብኝም። ናትናኤልም ምናልባት አለበት፤ የቦዲቲም አፈር ቀይ ነው። እናንተ ቤት በፎቶዬ ያየሁትን እግር አልናገርም፣ ሚስጥር ነው። እኔ ጫማ አደርጋለሁ። ልጆቼም ያደርጋሉ። እሱን ነው ሳይንሱ ያለው።»

መምህሩ ቀልቡ ተገፈፈ። ማንን አንሥታ እንዳየች አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ጠይቄያት አልነገረችኝም። እኔ ልጠብቀው የማልችለው የሥራ ሥነ ሥርዓት ነው ያላት። አቶ ዳና ግን አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ «ልጄ፣ ልክ ነሽ» አሉ። ለመልስ ወደ እኔ ሲዞሩ ታደለች «በይ እሺ በያቸው» እያለች በዓይኗ ትለምነኛለች። አላልኳቸውም። ሽማግሌ በአንድ ቀን መልስ አይሰጠውም፤ ይህ የቆየ ወግ ነው፤ እኔም ያን ቀን ጥርሴን ነክሼ ተጠቀምኩበት። «እኛም ስለ እናንተ ቤት እንጠይቃለን» አልኳቸው። «ሄዳችሁ ተመለሱ።» መምህሩ ሊናገር ሲል አቶ ዳና እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ።

ሄዱ። ያ ሳምንት ረዘመ። ታደለች ልጄን አስቀረሽብኝ አለችኝ፤ ምሕረት ስልኳን ገልብጣ ታስቀምጣለች፣ ታነሣለች። እኔም ሌሊት አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ፣ ግን ተቆጥቼ ነው የተኛሁት፣ ተቆጥቼ ነው የነቃሁት። በማን እንደተቆጣሁ ስቆጥር፤ በአባቴ፣ በሦስት ብሩ፣ ውሃ በለመነችው ሴትዮ፣ ሳሙና ሰጥተው በጠፉት ልጆች፣ እውነቱን መጨረሻ ላይ ባስቀመጠችው ዶክተር፣ ግማሽ ሰምቶ በወጣው መምህር። ቅጠሉን ባለበሰችው ልጅም። ያቺን እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ መምህሩ አልነበረም፤ መልስ አልሰጠኋቸውም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አብሯቸው መጣ። ናትናኤል እሱ ካልመጣ ሌላ አጎት አልፈልግም፣ ካልመጣ ግን ያለ አጎትም አገባለሁ ብሎት ነው አሉ። ገብቶ ለዘነበች እጁን ዘረጋ፤ ስለ ምርመራው አላነሣም፤ ይቅርታም አላለም። አቶ ዳና እንደ ወጉ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ትሰጡን ዘንድ ለሦስተኛ ጊዜ መጥተናል አሉ።

በዚህ ቤት መልስ የምሰጠው እኔ እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ነው። እኔ ግን፣ «የቤቱ ታላቅ እሷ ናት» አልኩና ወደ ዘነበች አሳየኋቸው። ለራሷ ሽማግሌ መጥቶላት አያውቅም። ለእኔ ሲመጣ ከብት ቤት ነበረች። ለታደለች ሲመጣ ራሴን አመመኝ ብላ ጓዳ ገባች፤ እኔም ዝም አልኳት። ዘነበች ደንግጣ አየችኝ። አራት ወንዶች ሊሰሟት ወደ እሷ ዞሩ። ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ ምሕረት ዞራ በወላይትኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጁን ትወጂዋለሽ ወይ አለቻት። ይህን እስከዚያ ድረስ ከመካከላችን የጠየቃት አልነበረም። ምሕረት አዎ አለች።

ዘነበች ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሰችና ቀስ ብላ በአማርኛ ተናገረች፤ ለእንግዳ እንደሚነገር፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ።

«ሰጥተናል። ቦዲቲ ለሠርጉ እኔም እመጣለሁ። ከፊት ነው የምቀመጠው፤ ከሙሽራዋ እናት አጠገብ።» ከዚያ መምህር ዳንኤልን አየችው። «ወንበሩን የምታመቻችልኝ አንተ ነህ።»

መምህሩ አቶ ዳናን አየ፤ አቶ ዳና አላገዙትም።

«እሺ፣ እማማ» አለ።

ሁላችንም ሰምተነዋል።